ና፣ ነይ፣ ይምጡ

ጠቡን ያስነሣችው «ና» የምትል አንዲት ፊደል ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቅዳሜው የአማርኛ ክበብ ልጆች ተረት ጻፉ ስላቸው «ተረት ሰለቸን፣ ጌም እንሥራ» አሉኝ። የፈለጉት ጌም ተጫዋቹ አንድ ሰው መርጦ፣ ስም አውጥቶለት፣ በዚያ ሰው ቦታ ሆኖ በአንድ ሰፊ ዓለም ውስጥ የሚኖርበትን ዓይነት ነው። ሮል ፕሌይንግ ይሉታል። መብራት ሲኖር በላፕቶፕ፣ ጄኔሬተሩ ሲያርፍ ደግሞ በካርቶን ቁራጭና ከሉዶ መጫወቻ በወሰዷት ዳይስ ይሞክሩት ጀመር። ቦታው ጎንደር፣ ዘመኑ የእቴጌ ምንትዋብ ሆነ። ለምን ጎንደር ብዬ ስጠይቅ፣ አንዱ ልጅ እዚሁ ኒምራ ታላታ ባለው የአባቱ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የፋሲል ግንብ ሥዕል እያየ እንዳደገ ነገረኝ። ግንቡን በአካል አይቶት አያውቅም።

በእንዲህ ያለ ጌም ውስጥ ገጸ ባሕርይው ሙያ መምረጥ አለበት። «ክላስ» የሚሉት ይህንን ነው። የውጮቹ ጌሞች ተዋጊ፣ አስማተኛ፣ ሌባ እያሉ የሚዘረዝሩትን የእኛ ልጆች ወታደር፣ ነጋዴ፣ ደብተራ፣ አንጥረኛ፣ ሸክላ ሠሪ፣ አዝማሪ አደረጉት። ደስ አለኝ። ቀጥሎ ሕጉን ሲጽፉ «ሴት ከሆነች ከጉልበቷ ሁለት ይቀነስ» የሚል መስመር ገባ። አይቼዋለሁ፤ አይቼም ዝም ብዬ አልፌዋለሁ። ይህንን የምናገረው ጥፋቱ የልጆቹ ብቻ እንዳይመስል ነው።

አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሴት ነጋዴ መረጠች። ሁለት በቅሎ አሞሌ ጨው አስጭና ከከተማው በር ደረሰች። ቀረጥ ተቀባዩን የሚጫወተው ልጅ ካርዱን አንሥቶ «ና ወዲህ! ምን ጭነሃል?» ብሎ አነበበ።

«ማንን ነው?» አለችው።

«አንቺን ነዋ።»

«እኔን ከሆነ ነይ በላ።»

ካርዶቹን አገላበጡ። ስልሳውም የተጻፉት ለወንድ ነበር። ልጁ ተናደደና «ምን ልዩነት አለው? ያው ‹ኢታ› ማለት ነው!» አላት። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም። ከዚያ በሚቀጥለውም እንዲሁ።

የጁባን ዓረብኛ ለማታውቁ፣ በተለይ ከኢትዮጵያ በቅርብ ለመጣችሁ ወላጆች ልንገራችሁ። «ኢታ» ለወንድም ለሴትም ነው። «ኡዎ» ሲባልም እሱም እሷም ሊሆን ይችላል። ልጆቻችን ሰፈር ውስጥ በ«ኢታ»፣ ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛው «ዩ» ውለው ነው ማታ ቤት ሲገቡ አማርኛ የሚገጥማቸው። በሁለቱ ቋንቋዎች ሰውን ማን እንደሆነ ሳያዩ መጥራት ይቻላል። አማርኛ ግን በር ላይ የቆመን ሰው ግባ፣ ግቢ ወይም ይግቡ ሳይለው ማስገባት አይችልም። መጀመሪያ ያያል፣ ከዚያ ይናገራል። ስለዚህ ልጁ ክፋት አስቦ አልነበረም፤ በ«ኢታ» አስቦ በ«ና» ጻፈው እንጂ።

እኔም ወደዚህ ጽሑፍ የገባሁት በዚህ ምክንያት ነው። የገጸ ባሕርይ ፆታና ሙያ የጌሙን ዓለም ሊለውጠው ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር በጌም ሠሪዎች ዘንድ የቆየ ነው። አብዛኛው የተካሄደው ግን በእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ የሚሠራ ሰው ጥያቄውን ከፈለገ ሊያልፈው ይችላል። በአማርኛ የሚሠራ ሰው በመጀመሪያው ሰላምታ ላይ ይይዘዋል።

አስቀድሞ የነበረውን ትንሽ ላስታውስ። የእነዚህ ጌሞች ሁሉ አያት እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካውያኑ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያወጡት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። ጉልበት ይህን ያህል፣ ብልሃት ያን ያህል እያሉ ሰውን በቁጥር የመስፈር ልማድ ወደ ኮምፒውተር የገባው ከእሱ ነው። በ1978 የወጣው የተጫዋቾች መጽሐፉ የሴት ገጸ ባሕርይ ጉልበት ከወንዱ ባነሰ ቁጥር ላይ እንዲቆም ጣሪያ አበጅቶ ነበር። በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም ጣሪያው ተነሣ። የእኛ ልጆች እንግዲህ ይህንን ሳያውቁ፣ ከእነሱ መወለድ በፊት የተጣለን ሕግ አንሥተው በካርቶን ላይ ጻፉት።

የቅነሳው ሕግ ሚዛን ያጎድላል ብቻ ብዬ አላልፈውም። ስልቹም ነው። ሁለት ነጥብ ሲቀነስ ዓለሙ ላይ ምንም አይደርስም፤ ቀረጥ ተቀባዩ ያው ቀረጥ ተቀባይ ነው፣ ገበያው ያው ገበያ ነው። የተለወጠችው ልጅቷ ብቻ ናት፤ እሷም አነሰች። ሴት መሆን ስለ ከተማው ምንም ሳይነግረን ስለ ክንዷ ብቻ ይነግረናል።

ሌላው መንገድ ጨርሶ ዝም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን «ስካይሪም» የተጫወታችሁ ታውቁታላችሁ፤ ወንድ ሆናችሁ ጀመራችሁ ሴት፣ ለዓለሙ ያለው ለውጥ እዚህም እዚያም ከምትሰማ አንዲት ዓረፍተ ነገር እምብዛም አያልፍም። በዚህ የሚቆጣ ሰው አይገባኝም። ልጅ ትምህርት ቤት ውሎ፣ በሰፈሩ ተገፋፍቶ ገብቶ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ማንነቱን ማንም የማይጠይቅበት ዓለም ቢፈልግ መብቱ ነው። ግን ደጋግሜ እላለሁ፣ በአማርኛ ይህ በር ዝግ ነው። ዝም ልበል ያለ ሰው ሳያውቀው ሁሉንም ወንድ ያደርጋል። ስልሳዎቹ ካርዶች ምስክር ናቸው።

ሦስተኛው መንገድ ዓለሙ ራሱ እንዲመልስ ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው «ማውንት ኤንድ ብሌድ፡ ዋርባንድ» ሴት ሆኖ የሚጀምር ተጫዋች በመኳንንቱ ዘንድ ተቀባይነት ለማግኘት ከወንዱ ይልቅ ይቸገራል፤ ጌሙም ይህን ገና ሲጀመር ይነግረዋል። ከዚያ በፊት በ2009 የወጣው «ድራገን ኤጅ፡ ኦሪጂንስ» ደግሞ ስድስት መነሻዎች አሉት። ከመሬት በታች ባለችው የድንኮች ከተማ ከዝቅተኛው ወገን ተወልዶ የሚጀምር ሰው ፊቱ ላይ ምልክት አለበት፤ ያገሩ ሰው ያንን እያየ ነው የሚያናግረው። ከመኳንንት ቤት የጀመረችው ሴት መጨረሻ ላይ ንግሥት ልትሆን ትችላለች፤ ከሌላው መነሻ የመጣችው አትችልም። ያው ጌም፣ ያው ጦርነት፣ ግን የምታዩት አገር ይለያያል። በእኔ ግምት ወደ ትክክለኛው የቀረበው ይህ ነው። (በውስጡ ለልጆች የማይሆን ነገር ስላለ ግን ወላጆች ልጄ ይጫወተው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ ከፍ ሲል የሚል ነው።)

አሁን ወደ አማርኛችን ልመለስ። ልጅቷ ከቀረች በኋላ አንድ ማታ ካርዶቹን ቤት ወስጄ ላርማቸው ተቀመጥኩ። ተጫዋቹ የሚናገራቸው ካርዶች ላይ የሚታረም ነገር አጣሁ። «እኔ ከሸዋ መጣሁ»፣ «ጠንካራ ነኝ»፣ «ጨው እሸጣለሁ»፣ «አልፈራም»። ወንድም ሴትም ይህንኑ ይላል። አማርኛ «እኔ» ስንል ፆታ አይጠይቀንም! ሳስተምረው የኖርኩት ሰዋስው ነው፤ ነገሩን ያየሁት ግን ያን ማታ ነው። ፆታ የሚመጣው ሌላው ሰው አፉን ሲከፍት ነው፤ ነህ፣ ነሽ ሲል፣ ወይም ዞር ሲሉ እሱ፣ እሷ ሲል።

የጌሙን ሕግ ከዚሁ መውሰድ ይቻላል። የ«እኔ» ወገን የሆነው ሁሉ፣ ማለትም ጉልበት፣ ብልሃት፣ ትዕግሥት፣ ድፍረት፣ ለሁሉም እኩል ይጀምር፤ ማንም አይቀነስበት። የ«አንተ» እና የ«አንቺ» ወገን የሆነው፣ ማለትም ዘበኛው፣ ገበያተኛዋ፣ ካህኑ፣ ባላባቱ፣ እነሱ ይለወጡ። ጌም ሠሪው ክንዷን ይተውና የሰዎቹን አፍ ይጻፍ።

ልጁ ሊከራከረኝ መጣ። «ቲቸር፣ ታሪክ ነው፤ በዚያ ዘመን ሴት እንደ ወንድ አልነበረችም» አለኝ። ክርክሩ የዋዛ አይደለም፤ ዘመኑን ለማስመሰል ብሎ ነው። እኔም ሌላ ዘመን ውስጥ ገብቼ መለስኩለት። በ1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ የጣሊያንን ምሽግ ከመውጋት ይልቅ የሚጠጣውን ውኃ መያዝ ይሻላል ብለው የመከሩት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። በአምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ ሸዋረገድ ገድሌ ለአርበኞች መረጃና ስንቅ ሲያቀብሉ ተይዘው በባሕር ማዶ አዚናራ ደሴት ታሰሩ፤ ተመልሰውም ዳግመኛ ከአርበኞች ጋር ተሰለፉ። ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም ወንበር ዘርግተው ለወንድ ደቀ መዛሙርት ቅኔ አስተማሩ። ልጁ አሰበና «እነሱማ ልዩ ናቸው» አለ። ልክ ነው፣ ልዩ ናቸው። ጌም ውስጥ ገብቶ ገጸ ባሕርይ የሚመርጥ ሰው ደግሞ ልዩ ካልሆነ ማን ልዩ ሊሆን ነው? ራሱ የመረጠው ወታደር በአንድ ቀን ሦስት ጅብ ገድሎ ራስ ተብሎ ሊሾም ምን ያህል እንደቀረው ጠየቅሁት። ሣቀ።

ግን ከእነዚህ ሴቶች የማነሣው ድፍረታቸውን ብቻ አይደለም። ሁሉም በሌላ በር ነው የገቡት። እቴጌይቱ በምክር ሸንጎ፣ ሸዋረገድ በስንቅና በምስጢር፣ እማሆይ በጉባኤ ቤት። ታሪክን ላስመስል የሚል ጌም ሠሪ በሩን መዝጋት ብቻ ካወቀ ግማሹን ነው ያወቀው። ዘበኛው ወንዱን ነጋዴ ጭነቱን አስፈትቶ ሲፈትሽ ሴቲቱን ንቆ ሊያሳልፋት ይችላል፤ ጓዳ ውስጥ የሚወራውን ወታደሩ ፈጽሞ ሳይሰማው እሷ ትሰማለች። አንድ በር ሲዘጋባት ሌላ ካልተከፈተላት ያ ጌም ሳይሆን ቅጣት ነው።

ሙያውም እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም በእኛ አገር የባሰ ነው። የውጮቹ ጌሞች ሙያን የሚያስቡት ማን ምን ይዞ ይዋጋል በሚል ነው። ጎንደር ላይ ሙያ ማለት ማን ከማን ጋር ይበላል ማለትም ነበር። አንጥረኛው የወታደሩን ጎራዴ፣ የገበሬውን ማረሻ፣ የቤተ ክርስቲያኑን መስቀል ሠርቶ ሲያበቃ ከገበታው ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ማታ ደግሞ ዓይኑ ክፉ ነው ብለው ልጆቻቸውን ይደብቁበታል። ሸማኔው፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ ከዚህ አላመለጡም። ነገሩ ሥር የሰደደ ከመሆኑ የተነሣ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዕድሜ ኖሯል፤ የኛ ትውልድ ሰዎች ሰምተነዋል።

እና አንጥረኛ የመረጠ ልጅ በእኛ ጌም ውስጥ ምን ይጠብቀው? የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ መዶሻ ስላለው ጉልበቱ ላይ ሦስት ተጨምሮለት ነበር፤ በቃ። አሁን ያለው እንዲህ ነው። ከተማው ውስጥ ሁሉም «አንተ» ይለዋል፣ ከእሱ በዕድሜ የሚያንሱት ሳይቀሩ። ግብዣ ላይ አይጠራም። ግን ጦር ሊዘምት ሲል የሁሉም መሣሪያ እሱ ዘንድ ይመጣል፤ ማን ሊዘምት እንደሆነ፣ ስንት ጦር እንደተሳለ ከማንም በፊት የሚያውቀው እሱ ነው። አዝማሪው ደግሞ የራሱ መቀመጫ የለውም፣ ቢሆንም ባላባቱን በገዛ አዳራሹ በዘፈን ሊነካው ይችላል፤ ወታደሩ ያንን ቢሞክር አንገቱ ይሄዳል።

ሽልማቱ ላይ ልጆቹ ከእኔ በለጡኝ። እኔ ወርቅ ወይም ርስት አልኩ። አንዷ «አይ፣ አንድ ቀን ዘበኛው ‹ይግቡ› ይበለው» አለች። እስቲ አስቡት! ለስድስት ቅዳሜ «አንተ ጠይብ» እየተባለ የተጫወተ ልጅ፣ ያው ዘበኛ፣ በያው በር፣ ድንገት «ይግቡ» ሲለው። በእንግሊዝኛ ይህንን ለማድረግ ማዕረግ መጨመር፣ ማጎንበስ፣ መለከት ማስነፋት ያስፈልጋል። እኛ አንድ ፊደል ለውጠን ጨረስን። ደግሞም «ይግቡ» ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ና እና ነይ ተብለው በተለያየ መንገድ የጀመሩ ሁለት ተጫዋቾች «ይምጡ» ላይ ሲደርሱ ይገናኛሉ። ሰዋስው ስናስተምር ይህንን በሰንጠረዥ ጽፈን እናልፈዋለን። (እናቶች ሴቷን «አንተ»፣ ወንዱን «አንቺ» እያሉ ሲያቆላምጡ ለሚሰሙት ካርድ ይኑር ወይስ አይኑር የሚለው ገና አልተወሰነም። እኔ ይኑር ባይ ነኝ።)

አንዲት እናት ስለ ጌሙ ሰምተው ሊያነጋግሩኝ መጡ። «ልጄ እዚህ ሰው አገር የሚያየው አይበቃውም? ንቀትን በጨዋታ ደግሞ የምታስተምሩት ለምንድን ነው?» አሉኝ። ቶሎ መልስ አላገኘሁም። ልጆቻችን ዓለም ሰውን እያየ እንደሚናገር ያውቃሉ፤ ገበያ ወጥተው በጁባ ዓረብኛ አሳምረው ሲጠይቁ አንድ ዋጋ፣ ተሳስተው ሲጠይቁ ሌላ ዋጋ ሰምተዋል። ለእነሱ አዲስ ትምህርት አይደለም። ቢሆንም እናትየዋ ግማሽ እውነት አላቸው፤ ስለዚህ ከልጆቹ ጋር ተነጋግረን ስድብ የሆነ ቃል ከካርዶቹ አወጣን። መራቁን፣ አለመጠራቱን፣ «አንተ» መባሉን ብቻ አስቀረን። «አንተ ጠይብ» የምትለዋም ያን ጊዜ ነው የወጣችው። በዚህ አሁንም ያልተስማማ ልጅ አለ፤ ታሪኩን አለዘብከው ባይ ነው።

ልጆቹ «ይህን ማን ይጫወተዋል? ትልልቆቹን የሚሠሩት ውጭ አገር ናቸው» ሲሉኝ የነገርኳቸው የአንድ የደቡብ ሱዳን ሰው ታሪክ ነው። ሉዋል ማየን የተወለደው ቤተሰቡ ከጦርነት ሲሸሽ በመንገድ ላይ ነው፤ ያደገው በሰሜን ዩጋንዳ የስደተኞች ካምፕ ነው። እናቱ ሦስት ዓመት ቆጥባ በ300 ዶላር ላፕቶፕ ገዛችለት። እሱም ለቻርጅ ሰዓታት በእግሩ እየሄደ ጌም መሥራት ተማረ። «ሰላም» የተባለው ጌሙ ውስጥ ተጫዋቹ የሚሸሽ ስደተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ለዚህ ሥራው ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለ። የካሜሩኑ ኪሮኦ ጌምስ ደግሞ በ2016 ባወጣው «ኦሪዮን» ልዑሉንና ሚስቱን አብሮ ያዘምታል፤ የሮል ፕሌይንግ ጌም ነው፣ ዓለሙም ከአፍሪካ ተረት የተቀዳ ነው። በእኛ አገር «ኩኩሉ»ን የሠሩት የቅኔ ጌምስ ልጆች አሉ፤ እሷ ግን ዶሮ ስለሆነች የክላስ ጣጣ የለባትም።

ልጅቷ በአምስተኛው ቅዳሜ ተመለሰች። ያመጣኋት እኔ አይደለሁም፤ ቢጫ ካርድ እየተጻፈ ነው ብላ ጓደኛዋ ነግራት ነው። ለ«አንተ» ሰማያዊ፣ ለ«አንቺ» ቢጫ፣ ለ«እርስዎ» ነጭ አድርገናል፤ ስልሳው ካርድ መቶ ሰማንያ መሆን አለበት ማለት ነው። ቁጭ ብላ የጻፍናቸውን አነበበችና ከእኔ ካርዶች አራቱን መለሰችልኝ። በየበሩ ላይ ሴት በመሆኗ አንድ ችግር እንዲገጥማት አድርጌ ጽፌያቸው ነበር፤ መማሪያ ይሆናል ብዬ። «ቲቸር፣ እኔ እንዲከብደኝ አልጠየቅኩም። ጨው ልሸጥ ነው የመጣሁት። ሲጠሩኝ እኔን ይጥሩኝ ነው ያልኩት» አለችኝ። አራቱን ቀደድኳቸው። አሁን በነጋዴዋ መንገድ ላይ ሴት መሆኗ የሚከብድበት በር አንድ፣ የሚጠቅምበት ሁለት፣ ምንም የማያመጣበት ብዙ ነው።

ጉልበት የሚቀንሰውን መስመር የሰረዘው ራሱ ያ ልጅ ነው። አሳምኜው ይሁን ብዬ ደስ ብሎኝ ብጠይቀው፣ እያንዳንዷን ውጊያ በደመረ ቁጥር ሁለት መቀነስ እየረሳ ስለተሰላቸ መሆኑን ነገረኝ።

እስካሁን መቶ አሥር ያህል ካርድ ተጽፏል። የቀሩት አብዛኞቹ ነጮቹ ናቸው፤ በ«እርስዎ» አሳምሮ መናገር ለልጆቹ ከሁሉ ከብዷቸዋል። እቤታችሁ ከአያቶች ጋር በስልክ የሚያወሩ ልጆች ካሉ ቅዳሜ ላኩልን፤ ካርቶንም ካላችሁ እንዲሁ።